የአንጎልን መረብ ካርታ ማንሣት

በማኅበሩ የአባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በምሕንድስና ሥራ ከሚከተለው ፈተና ያመለጠ ባለሙያ ጥቂት ነው። ፕላኑ የጠፋ፣ የሠራው ሰው የማይገኝ፣ ነገር ግን አገልግሎቱን ያላቋረጠ አሮጌ ሥራ ይረከብና እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ከመሬት በታች የተቀበረ የውሃ ቧንቧ፣ በግድግዳ ውስጥ ያለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በየዘመኑ እየተቀጠለ መነሻው የተረሳ የስልክ መሥመር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ባለሙያው በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አንድ በአንድ እየተከተለ በወረቀት ላይ ያሰፍራል። በሥራ ቋንቋ አዝ ቢልት የሚባለው፣ እንደታሰበው ሳይሆን እንደተሠራው የሚነሣው ፕላን ይህ ነው።

የሰው ልጅ ከተረከባቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ የረቀቀው በገዛ ራስ ቅሉ ውስጥ ይገኛል። በ2009 ታትሞ በወጣ ቆጠራ መሠረት የሰው አንጎል በአማካይ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የሚሠራውም አንዲት ደካማ አምፖል በምትፈጀው፣ 20 ዋት በሚያህል ኃይል ነው። የመጀመሪያው ንድፍ በሰው እጅ ስላልገባ ለጥናት የቀረው መንገድ ልክ እንደ አሮጌው ቧንቧና ሽቦ መሥመሩን እየተከተሉ ፕላኑን ማንሣት ነው። የአንድ አንጎል የግንኙነት ፕላን በሙሉ ዛሬ ኮኔክቶም ተብሎ ይጠራል። ቃሉን በ2005 ኦላፍ ስፖርንስ፣ ጁልዮ ቶኖኒና ሮልፍ ከተር በአንድ በኩል፣ ፓትሪክ ሀግማን በሌላ በኩል፣ ሳይመካከሩ አወጡት። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንግግሩ ጥያቄ አንድ ነው። የአንድ አንጎል ግንኙነት በሙሉ በፕላን ላይ ቢሰፍር አንጎሉ ታወቀ ማለት ይቻላልን? ለዚህ ሥራ ከፍ ያለ ገንዘብና የብዙ ሰዎች ዕድሜ እየዋለ ስለሆነ ጥያቄው ከቃላት ክርክር ያለፈ ነው። ካርታው ሲያልቅ የአእምሮ በሽታ ሁሉ ምክንያቱ ይገለጣል፣ የሰውም አሳብ ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ አሉ። ሽቦ መቁጠር ዕውቀት አይሆንም ብለው ሥራውን የሚያናንቁም አሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበትን ነገር ለመመዘን የምሕንድስና ሙያ መልካም ሚዛን አለው።

አንድ መረብ ወይስ የተለያዩ ሕዋሳት

የነርቭ ሕዋስ ከነቅርንጫፉ በሙሉ ሊታይ የቻለው ጣልያናዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ባወጣው የማቅለሚያ ዘዴ ነው። ጎልጂ የአንጎልን ቁራጭ በብር ጨው ሲያቀልመው ከሕዋሳቱ ጥቂቶቹ ብቻ ከነቅርንጫፋቸው ጥቁር ሆነው ወጡ። የዘዴው ጥቅም ይኸው ጥቂቶቹን ብቻ መምረጡ ነበር። ሁሉም ቢቀልሙ ኖሮ በጨለማ ጫካ ውስጥ አንዱን ዛፍ ከሌላው መለየት ባልተቻለ ነበር።

ጎልጂ ያየውን ሲተረጉም የነርቭ ክሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ያለ መቋረጥ አንድ መረብ ይሆናሉ አለ። ስፔናዊው ሳንትያጎ ራሞን ካሃል ግን የጎልጂን ዘዴ ራሱን አሻሽሎ ከ1888 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች ተቃራኒውን አስረዳ። በእርሱ አባባል እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በመቀራረብ እንጂ በመዋሐድ አይደለም። ሁለቱ ሊቃውንት በ1906 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ፤ ጎልጂ ግን በዚያው በሽልማቱ መድረክ ላይ ባደረገው ንግግር የካሃልን አስተሳሰብ ነቀፈ። ክርክሩን የቋጨው በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ሲናፕስ በሚባለው መገናኛ ላይ ሁለቱ ሕዋሳት 20 ናኖሜትር ያህል ተራርቀው ታዩ። ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍተት መልእክቱ በኬሚካል ይሻገራል። ይሁንና አንዳንድ ሕዋሳት በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚገናኙበት ቀዳዳ እንዳላቸው ስለተረጋገጠ የጎልጂም አሳብ ፈጽሞ ባዶ አልሆነም።

የካሃል ድል ለመሐንዲስ ትልቅ ትርጉም አለው። ነገሩ ተዋሕዶ አንድ ቢሆን ኖሮ ቆጥሮ መመዝገብ አይቻልም ነበር። ክፍሎቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን ለእያንዳንዱ ስም ይሰጣል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝም በሠንጠረዥ ይጻፋል። ካሃል ራሱ የክሮቹን አዘረጋግ ሲመረምር ሦስት ነገሮች እንደሚቆጠቡበት አስተውሏል፤ እነዚህም ቦታ፣ ቁሳቁስና ጊዜ ናቸው። የማስተላለፊያ መሥመር የሚዘረጋ ባለሙያ ዛሬም የሚያሰላው እነዚህኑ ነው።

የትሏ ፕላን

የመጀመሪያው ሙሉ ፕላን የተነሣው ከሰውም ከአይጥም ሳይሆን ከአንዲት ትል ነው። ሲድኒ ብሬነር በ1963 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ለጥናት የመረጣት ሴኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ የምትባል ትል ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሰውነቷ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ያደገችው ትል በጠቅላላው 302 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ አሏት። ብሬነር የፈለገው ቁጥሩ የተወሰነ፣ ሊጨረስ የሚችል ሥራ ነበር።

ሥራው ግን ቀላል አልሆነም። ኒኮል ቶምሰን ትሏን 50 ናኖሜትር ያህል በሚሳሱ ቁርጥራጮች ከፈላት፤ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ የማይሞላ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ ተነሣ። ጆን ኋይትና አይሊን ሳውዝጌት እያንዳንዱን ክር ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደሚቀጥለው እየተከተሉ በእጃቸው ምልክት አደረጉ። በኮምፒዩተር ለመርዳት ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ የዘመኑ መሣሪያ አቅም ስላነሰው ብዙው ሥራ በብዕርና በወረቀት አለቀ። ውጤቱ በ1986 በእንግሊዝ ንጉሣዊ ማኅበር መጽሔት 340 ያህል ገጽ ሆኖ ታተመ። በውስጡም 5,000 ያህል የኬሚካል ሲናፕሶች፣ 2,000 ያህል የነርቭና የጡንቻ መገናኛዎች፣ 600 ያህል የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ተመዘገቡ።

ስለዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ፕላኑ ከአንዲት ትል ብቻ የተነሣ ሳይሆን ከጥቂት ትሎች ልዩ ልዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ሁለተኛ፣ የተወሰኑ ክፍሎቹ ያኔ ስላልተሟሉ የሁለቱ ፆታዎች ሙሉ ፕላን የወጣው በ2019 ነው፤ ለዚህም ከካምብሪጅ የተረፉት የድሮ ፎቶግራፎች እንደገና ሥራ ላይ ዋሉ። በጥንቃቄ የተቀመጠ የመስክ ማስታወሻ ከ30 ዓመት በኋላም እንደሚያገለግል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የመረብ ሒሳብ

302 ረድፍና 302 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ በእጅ ከገባ በኋላ ጉዳዩ የሒሳብ ይሆናል። የዚህ ሒሳብ መሠረት በ1736 በሊዮናርድ ኦይለር ተጥሏል። ኦይለር የኬኒግስበርግን ከተማ ሰባት ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ እንደማይቻል ሲያረጋግጥ የመንገዱን ርዝመትና ቅርጽ ትቶ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ተመለከተ። የሚገናኙት ነጥቦች አንጓ፣ የሚያገናኛቸውም መሥመር ይባላል። አንጓው ማከፋፈያ ጣቢያም ሆነ የነርቭ ሕዋስ ለሒሳቡ ለውጥ የለውም።

በ1998 ደንከን ዋትስና ስቲቨን ስትሮጋትዝ የተባሉት ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ሦስት መረቦችን ጎን ለጎን አቀረቡ። አንደኛው አብረው ፊልም የሠሩ ተዋንያን መረብ፣ ሁለተኛው የምዕራብ አሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ መረብ፣ ሦስተኛው የትሏ የነርቭ መረብ ነበር። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ለመድረስ በአማካይ ስንት መሥመር ማለፍ ያስፈልጋል? የአንድ አንጓ ጎረቤቶችስ እርስ በርሳቸውም ጎረቤት የመሆናቸው መጠን ምን ያህል ነው?

ከትሏ መረብ 282 ሕዋሳት ተወስደው ሲሰላ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በአማካይ የሚያስፈልገው 2.65 መሥመር ሆነ። በተመሳሳይ ብዛት በዕጣ የተገናኘ መረብ 2.25 ይፈልጋል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የጎረቤቶች ትስስር ግን በትሏ 0.28፣ በዕጣ በተገናኘው 0.05 ሆኖ ተገኘ። 4,941 አንጓዎች ያሉት የኤሌክትሪክ መረብ በበኩሉ አማካይ መንገዱ 18.7 ሲሆን በዕጣ ቢገናኝ 12.4 ይሆን ነበር፤ የጎረቤት ትስስሩም 0.080 ሆኖ በዕጣ ከሚገኘው ከ0.005 እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለው መረብ የትንሽ ዓለም መረብ ተባለ። በአካባቢው አጥብቆ የተሳሰረ፣ በጥቂት ረጃጅም መሥመሮች ደግሞ ሩቁን ከሩቅ ያቀራረበ ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው አባባል የክሮቹን ብዛትና ኅብረት ያመሰግናል። ከዚህ ስሌት የሚታየው ደግሞ ከብዛቱ በተጨማሪ ድሩ የት ከየት እንደታሠረ ትልቅ ዋጋ እንዳለው ነው። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የትል ነርቭ፣ የኤሌክትሪክ መረብና የፊልም ተዋንያን ስብስብ አንድ ዓይነት ጠባይ ማሳየታቸው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ ማለት አይደለም። እንዲያውም ይህ ስሌት መልእክቱ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድና መገናኛው ምን ያህል የበረታ እንደሆነ ሳይጠይቅ የተሠራ ነው። የመረብን ጠባይ ማወቅና መሣሪያውን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከትል ወደ ዝንብ፣ ከዝንብ ወደ አይጥና ወደ ሰው

ዝነኛው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ክሪክ በ1979 በጻፈው ጽሑፍ የማይቻለውን መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ሲገልጽ የአንድ ኩብ ሚሊ ሜትር አንጎልን ትክክለኛ የሽቦ ፕላን ለምሳሌ ጠቅሶ ነበር። በዚያ ዘመን ፍርዱ ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የሰው ብልኀት ሳይሆን ቆራጩ መሣሪያ፣ ካሜራው፣ የኮምፒዩተሩ ማኅደርና ምስል ለይቶ የሚያውቀው ፕሮግራም ነው።

በጥቅምት 2024 የአንዲት ያደገች የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ፕላን ታተመ። አንጎሉ ወደ 7,000 ቁርጥራጮች ተከፍሎ፣ 21 ሚሊዮን ያህል ምስሎች ተነሥተውለት፣ 139,255 የነርቭ ሕዋሳትና ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲናፕሶች ተመዘገቡ። በግንቦት 2024 ደግሞ ለሚጥል በሽታ በተደረገ ቀዶ ሕክምና ላይ ከአንዲት ሴት አንጎል ከወጣ ቁራጭ አንድ ኩብ ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቶ 57,000 ያህል ሕዋሳትና 150 ሚሊዮን ያህል ሲናፕሶች ተገኙበት፤ ማኅደሩም 1.4 ፔታባይት ሞላ። ፔታባይት አንድ ሚሊዮን ጊጋባይት ነው። በሚያዝያ 2025 የአይጥ አንጎል የማየት ክፍል አንድ ኩብ ሚሊ ሜትር በሙሉ፣ 28,000 ያህል ቁርጥራጮችና 523 ሚሊዮን ያህል ሲናፕሶች ይዞ ወጣ። ክሪክ የማይቻል ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው መጠን ከ46 ዓመት በኋላ ተፈጸመ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ሕያው ሰው ሳይቆረጥ በማግኔት ምስል የሚነሣ ካርታም አለ። በአሜሪካ በ2010 በተጀመረው የሰው ኮኔክቶም ፕሮጀክት ከ1,000 በላይ ፈቃደኞች በዚህ ዘዴ ታይተዋል። ሁለቱን ካርታዎች አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የማግኔቱ ምስል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን እንደ አንድ ነጥብ ስለሚወስድ በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ብዙ ሺህ ሕዋሳት ተሰውረዋል፤ ወፍራሞቹን የክር ነዶዎች ያሳያል እንጂ አንዷን ክር አይለይም፤ መልእክቱ ወደየት እንደሚሄድም አይናገርም። በአውሮፕላን ተነሥቶ አውራ ጎዳናዎችን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የእያንዳንዱን ቤት በር እንደማያሳይ ማለት ነው።

የሥራው እውነተኛ ወጪ ያለው ከመቁረጡና ከፎቶግራፉ ይልቅ በእርማቱ ላይ ነው። አንድ ክር በ1,000 ቁርጥራጮች ውስጥ ያልፋል እንበል። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ቁራጭ የሚሳሳተው ከ1,000 አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ክሩን እስከ መጨረሻው ያለ ስሕተት የመከተል ዕድሉ 37 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስሕተቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክር ተቆርጦ ሁለት መስሎ ይቀራል፤ ወይም ሁለት የማይገናኙ ክሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ይከፋል፤ በፕላኑ ላይ ያልነበረ ቅልቅል ፈጥሮ የብዙ ሕዋሳትን መዝገብ ያበላሻልና። ስለዚህ በዝንቧ ካርታ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ምስሉን እያዩ አርመዋል። የእርማቱ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 33 ዓመት እንደሚወስድ ተገምቷል።

ይህን ቁጥር ይዞ ወደፊት ማስላት ይቻላል። የአይጥ አንጎል ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ስላሉት ከዝንቧ 500 እጥፍ ነው። ለአንድ ሕዋስ የሚያስፈልገው እርማት ባይጨምር እንኳ ሥራው 16,500 የሰው ዓመት ይሆናል፤ የአይጥ ክሮች ከዝንብ ክሮች እጅግ ስለሚረዝሙ ደግሞ ከዚያ ማለፉ አይቀርም። ለሰው አንጎል ቢሆን ማኅደሩ ብቻ፣ በአንድ ኩብ ሚሊ ሜትር 1.4 ፔታባይት ሲታሰብ፣ ከ1.6 ሚሊዮን ፔታባይት በላይ ይጠይቃል። ስለሆነም የአንድን ሰው አንጎል ሽቦ በሙሉ ማንሣት ዛሬ በማንም የሥራ ዕቅድ ውስጥ በቁም ነገር ሊገባ የሚችል አይደለም። ቅርብ ነው የሚለው ተስፋ በዚህ ስሌት ፊት መቆም አለበት።

ፕላኑ የማይናገረው

መጠኑ ቢሸነፍስ? መልሱን ለማግኘት ፕላናቸው ከተነሣ ብዙ ዘመን ያለፋቸውን ትናንሽ መረቦች መመልከት ይበቃል።

የሸርጣንን የጨጓራ ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ ቋጠሮ 30 ያህል ሕዋሳት ብቻ አሉት። ይህን ቋጠሮ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያጠናችው ኢቭ ማርደር ከባልደረቦችዋ ጋር ሁለት ነገሮች አሳይታለች። አንደኛ፣ ከሽቦው አንድም ሳይነካ በሕዋሳቱ ዙሪያ የሚፈሰው ኬሚካል ሲለወጥ ያው መረብ ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ያወጣል። ሁለተኛ፣ በ2004 በኮምፒዩተር ከ20 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የዚህ መረብ ምሳሌዎች ተሠርተው ሲፈተኑ የውስጥ መጠናቸው እጅግ የተለያየ ብዙ መረቦች ተመሳሳይ ውጤት ሰጡ። አንድ ፕላን ብዙ ሥራ ሊሠራ፣ አንድ ሥራም በብዙ ልዩ ልዩ መጠኖች ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

በትሏም እንዲሁ ሆኗል። በ2023 በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የትሏን ሕዋሳት አንድ በአንድ በብርሃን እያነቃቁ ሌሎቹ እንዴት እንደሚመልሱ ከ23,000 በላይ በሆኑ የሕዋስ ጥንዶች ላይ ለኩ። የተለካው የመልእክት ጉዞ ከሽቦው ፕላን ብቻ ይጠበቅ ከነበረው በብዙ ቦታ ተለየ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕዋሳቱ ኒውሮፔፕታይድ የተባሉ ኬሚካሎችን ወደ ውጭ እየረጩ ያለ ሽቦ መነጋገራቸው ነው። የስልክ ቤቱን ሽቦ በሙሉ ያነሣ ባለሙያ በሕንፃው ውስጥ ራዲዮ መኖሩን ባያውቅ የሚደርስበት ግራ መጋባት ይህን ይመስላል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በ2021 በውርስ አንድ የሆኑ ስምንት ትሎች ከልደት እስከ ጉልምስና ባሉ ልዩ ልዩ ዕድሜዎች ተነሥተው ሲነጻጸሩ የሲናፕሶቹ ቁጥር ከ1,300 ገደማ ወደ 8,000 ገደማ ማደጉ ታወቀ። ከግንኙነቶቹም ጉልህ የሆነ ክፍል ከትል ትል ይለያያል። የአንዷ ትል ፕላን የትሎች ሁሉ ፕላን ካልሆነ፣ የአንድ ሰው ቁራጭ የሰዎች ሁሉ ይሆናል ብሎ መናገር ድፍረት ነው።

በአጭሩ ሲታይ የግንኙነት ፕላን ማለት የሬዚስተሩና የኮንደንሰሩ ዋጋ ያልተጻፈበት የራዲዮ ሥዕል ነው። እያንዳንዱ መገናኛ የሚያነቃቃ ይሁን የሚገታ፣ ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ በጊዜ ብዛት እንዴት እንደሚለወጥ፣ ከሽቦው ውጭስ ምን እንደሚተላለፍ በራሱ አይናገርም።

ፕላኑ የሚሰጠው

ይህ ሁሉ ሲነገር የናቂዎቹ ወገን የረታ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ትሏ ራስዋን ሲነኳት ወደ ኋላ፣ ጅራቷን ሲነኳት ወደ ፊት ትሄዳለች። ንክኪን የሚሰሙት ስድስት ሕዋሳት ናቸው። ፕላኑ እየተነሣ ሳለ የእነዚህ ሕዋሳት ክሮች በየት አልፈው ወደ አንቀሳቃሾቹ ነርቮች እንደሚደርሱ ስለታወቀ ማርቲን ቻልፊና ባልደረቦቹ የሚመረምሩት ቦታ ተለይቶ ተሰጣቸው። በመሐል ያሉትን ሕዋሳት በሌዘር ጨረር አንድ በአንድ እያጠፉ የትሏን አካሄድ ተመለከቱ፤ ወደ ኋላ የሚያስኬደውንና ወደ ፊት የሚያስኬደውን መሥመር ለይተው በ1985 አሳተሙ። ዘዴው ፊውዝ እየነቀሉ የትኛው መብራት እንደሚጠፋ ከማየት አይለይም። ፕላኑ ባይኖር ግን ከ302 ፊውዞች የትኛውን መንቀል እንደሚገባ ማንም አያውቅም ነበር።

በ2024 በዝንቧ ላይ የተደረገውም ይህንኑ ያጠናክራል። ተመራማሪዎች ከ125,000 በላይ ሕዋሳት ያሉት የኮምፒዩተር ምሳሌ ሠሩ። የሰጡት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የሽቦውን ፕላንና እያንዳንዱ ሕዋስ የሚያነቃቃ ወይም የሚገታ መሆኑን የሚገልጽ ግምት። ሕዋሳቱ ሁሉ በሌላው ነገር አንድ ዓይነት ተደርገው ተወሰዱ። በምሳሌው ውስጥ ስኳር የሚቀምሱት ሕዋሳት ሲነቁ ምላሹ እስከ አፍ አንቀሳቃሾቹ ነርቮች ደረሰ፤ በመካከል የትኞቹ ሕዋሳት እንደሚሳተፉ የተሰጠው ግምትም በሕያዋን ዝንቦች ላይ ተፈትኖ አብዛኛው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ምሳሌው የተሳካለት ከቅምሻ እስከ አፍ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ዝንቧ ስትራብና ስትጠግብ፣ ስትማርና ስትረሳ የሚሆነውን ሁሉ አልያዘም። ቢሆንም ከፕላን ተነሥቶ አስቀድሞ መተንበይ፣ ከዚያም ፈትኖ ማረጋገጥ እንደሚቻል አሳይቷል።

ስለዚህ የፕላኑ ትልቁ ጥቅም የማይቻለውን ማስወገዱ ነው። ሁለት ሕዋሳት በምንም መንገድ የማይገናኙ ከሆነ በመካከላቸው ቀጥተኛ የሽቦ መልእክት አለ የሚል ማብራሪያ ይወድቃል። ከብዙ ሺህ ግምቶች የሚፈተኑት ጥቂቶች ይቀራሉ፤ የመለኪያው ጫፍ የት መቀመጥ እንዳለበትም ይታወቃል።

መደምደሚያ

ከመነሻው የቀረበው ጥያቄ እንግዲህ እንዲህ ይመለሳል። የግንኙነት ፕላን የአንጎል ማብራሪያ አይደለም፤ ማብራሪያ ሁሉ የሚፈተንበት መሬት ግን ነው። የትሏ ፕላን ከታተመ ከ35 ዓመት በላይ አልፎ የመልእክቶቿ ጉዞ ገና በ2023 እንደ አዲስ ይለካ ነበር፤ ለካዎቹ ያገኙትን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሩ ያወቁት ደግሞ ፕላኑ በእጃቸው ስለነበረ ነው።

ለማኅበሩ አባላት ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በየዕለቱ ሥራቸው ውስጥ ያለ ነው። አንደኛ፣ እንደ ተሠራ የተነሣ ፕላን ዋጋው በእርማቱ ጥራት ይመዘናል፤ ያልታረመ ሰፊ ካርታ ከታረመ ጠባብ ካርታ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ፕላኑ የትኛው ክፍል ከየት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በምን ዘዴ እንደተነሣና ምን እንደጎደለው በግልጽ ሊጻፍበት ይገባል፤ የካምብሪጆቹ ሥራ ለተከታዮቹ ትውልዶች ያገለገለው እንዲህ በመሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ ፕላን ያነሣ ሰው መሣሪያውን አወቅሁ ከማለቱ በፊት ኃይል ሰጥቶ፣ ለክቶ፣ ከፕላኑ ጋር የማይስማማውን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ሙያው በዚህ ጥናት ውስጥ የውጭ ተመልካች አይደለም። አልማዝ ስለት ያለው ቆራጭ መሣሪያ፣ ሚሊዮን ምስሎችን ያለ መዛነፍ የሚያገጣጥመው ዘዴ፣ ስሕተትን አስልቶ የሚያርመው ፕሮግራምና የመረብ ሒሳብ የምሕንድስና ሥራዎች ናቸው። ሐኪሙና የሥነ ሕይወት ሊቁ ጥያቄውን ያቀርባሉ፤ መልሱ እምነት የሚጣልበት መሆን አለመሆኑ ግን በአመዛኙ በመለኪያውና በእርማቱ ላይ ይወሰናል። በሽተኛ ተስፋ በሚያደርግበት ጉዳይ ላይ ይህ ከባድ አደራ ስለሆነ፣ ባለሙያው ያነሣውን ብቻ አነሣሁ፣ የለካውን ብቻ ለካሁ እንዲል ይጠበቅበታል።